ከፈተናዬ በኋላ የነገሩኝ ሞትሽ

እማዬ፣

እንደምን አለሽ ብዬ አልጀምርም። አንቺ «ደህና ነኝ» ስትዪ ምን ማለትሽ እንደሆነ አሁን ገብቶኛል፤ ስለዚህ አልጠይቅሽም። ከተለየሽን ዓመት ከሰባት ወር ሆነ። ማለቴ፣ ለሰፈሩ ዓመት ከሰባት ወር ሆነ። ለእኔ አራት ቀን ይጎድለዋል፣ ምክንያቱም እኔ ሞትሽን የሰማሁት ከሰው ሁሉ በኋላ ነው።

እስከ ዛሬ አንዲት መስመር ጽፌልሽ አላውቅም። መቃብርሽ ላይ ቆሜም ቃል አልወጣኝም። ልጅሽ ሰለሞን «ቢያንስ አልቅሺ፣ ይውጣልሽ» ይለኛል። የንስሐ አባታችን ደግሞ ሙት አይወቀስም ብለው ገሠጹኝ። እሺ አባ ብዬ መስቀላቸውን ተሳልሜ ወጣሁ። ግን እማዬ፣ ተናድጄብሻለሁ። በቃ ጻፍኩት።  ያን ያንቺን ማስተርስ፣ ያን የሶሻል ወርክ ትምህርት፣ ልጨርሰው ወይስ ጥዬው ልውጣ የሚለው ነገር ጫፍ ደርሷል። ከመወሰኔ በፊት ካንቺ ጋር መጣላት አለብኝ፤ አንቺ ደግሞ እንደ ልማድሽ ሾልከሽ ሄደሻል።

የቤቱን ወሬ ላስቀድም፣ አለበለዚያ «ምን ሆናችሁ ነው» እያልሽ አታስጨርሺኝም። ቤታችን እዚያው ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ አለ። ክረምት ላይ ጣራው አፈሰሰ፣ ሰለሞን ላስቲክ አለበሰው፣ ላስቲኩም አፈሰሰ። አልጋሽን ሳይጠይቀኝ ወደ ጓዳ አዛወረው፤ ሦስት ቀን አላናገርኩትም። ካዛንቺስን ብታዪው አታውቂውም። ያ ታክሲ ውስጥ ማጎንበስ አልወድም እያልሽ በእግርሽ የምትመላለሺበት መንገድ ሰፍቷል፤ ዳር ዳሩን የነበሩት አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል። አንቺና እትዬ ጥሩወርቅ ዕድሜያችሁን የፈጃችሁበት መዝገብ ቤትም ወደ ሌላ ሕንፃ ሄዷል። እትዬ ጥሩወርቅ ራሳቸው ከካዛንቺስ ተነሥተው ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ደርሷቸዋል። በዚያ ጉልበታቸው! እሑድ እሑድ ግን ሁለት ታክሲ ይዘው ቂርቆስን ሳይሳለሙ አይቀሩም። የካዛንቺሱ ቤታቸው የፈረሰ ዕለት እሳቸው ሲያለቅሱ እኔ ውስጤ ደስ አለው ብልሽ ታምኚኛለሽ? ለምን እንደሆነ እነግርሻለሁ።

ትምህርቱን የገባሁ ጊዜ የሆንሽውን አስታውሳለሁ። አንቺ እኮ የሰው ዲግሪ ፋይል ውስጥ ስታስገቢ የኖርሽ ሴት ነሽ። የእከሌ ዲፕሎማ መጣ፣ የእከሌ ማስተርስ መጣ፣ በስተሽ፣ ቁጥር ሰጥተሽ፣ መደርደሪያ ላይ። የመግቢያ ደብዳቤዬን ሳመጣልሽ መነጽርሽን ሁለት ጊዜ ወለወልሽ። በማግስቱ ለየኮርሱ አንድ አንድ ማኅደር አዘጋጅተሽ፣ በክር አስረሽ፣ በዚያ በሚያምር ጽሕፈትሽ ቁጥር ጽፈሽ ጠበቅሽኝ። እድር ላይ አንዷ ጎረቤት «ዘይትና ዱቄት ለማደል ደግሞ ማስተርስ ይማሩለታል እንዴ?» ብትል፣ «ቆይ፣ ከባልሽ ጋር ስትቧቀሺ ማን ሊገላግልሽ ነው?» አልሻት። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ሴትዮዋ እስከ ደብረ ታቦር አኮረፈችሽ። እኔን ያን ቀን የልብ ልብ ሰጠሽኝ፣ እውነቱን ለመናገር።

ከዚያ ለመስክ ልምምድ ጅማ ተመደብኩ፣ አረጋውያን የሚጦሩበት ማዕከል፣ ለሦስት ወር። ጾም ነበር። መናኸሪያ ድረስ ሸኘሽኝ፤ ቆሎና ዳቦ ቆሎ በፌስታል ቋጥረሽልኝ። ከስተሽ ስላየሁሽ ምነው ብልሽ «ጾም ነው፣ አንቺ መቼ ጾመሽ ታውቂያለሽ» ብለሽ አሳቅሽኝ። ሐኪሙ የጉበት ካንሰር ነው ካለሽ ሁለተኛ ሳምንትሽ ነበር! ይህን በኋላ ሰለሞን ነው የነገረኝ። እያወቅሽ እጅሽን አውለበለብሽልኝ። ለኮርሶቼ ማኅደር ያዘጋጀሽ ሴትዮ የራስሽን የሐኪም ወረቀት የት እንደ ሸሸግሽው እስካሁን አላገኘነውም።

በየቀኑ ማታ ማታ እደውልልሻለሁ። ምን በላሽ፣ በረደሽ ወይ፣ ትምህርቱስ? ስለ እኔ እንጂ ስላንቺ ወሬ የለም። በቪዲዮ እናውራ ስልሽ ካሜራው ተሰበረ። እሺ ፎቶ ላኪልኝ ብዬ አለቀስኩብሽ። ሰለሞን ላከ። ለካ የጥምቀት ዕለት የተነሣሽው ነው! እኔ ሞኟ ደግሞ አብረውኝ ለሚማሩት እያዞርኩ «እናቴን እዩዋት፣ ጾሙ እንኳን አልጎዳትም» አልኳቸው። ከዚያ ስልክ ማንሣት ተውሽ። ጠበል ሄዳለች፣ እዚያ ስልክ አይያዝም ተባልኩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው እማዬ፤ እኔም ምንም አልጠረጠርኩም ብል ውሸት ይሆንብኛል። የትኛው ጠበል ብዬ አልጠየቅኩም። አንዲት ጥያቄ ብቻ ነበረች፣ ሳልጠይቃት ቀረሁ።

ማክሰኞ ሞትሽ። ረቡዕ ቂርቆስ ጡሩምባ ተነፋ፣ ድንኳን ተተከለ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተቀበርሽ። ሐሙስ ጠዋት እኔ ጅማ ላይ የልምምዴን ማጠቃለያ አቀረብኩ፣ ፈተናዬ እሱ ነበር። ርዕሱን ልንገርሽ? ያለ ልጅ፣ ያለ ዘመድ ስለሚሞቱ አረጋውያን። መምህራኑ አጨበጨቡልኝ። እናቴ አፈር ከለበሰች በማግስቱ!

ዓርብ ማታ ሰለሞን መናኸሪያ ተቀበለኝ። እማዬ ገና ከጠበል አልተመለሰችም፣ ቤቱም ቀለም እየተቀባ ነው፣ እትዬ ጥሩወርቅ ጋ ታድሪያለሽ አለኝ። እሺ አልኩ። ካዛንቺስ ሄድን። እትዬ ጥሩወርቅ ሽሮ ሠርተው ጠበቁኝ። አጎረሱኝ። ቴሌቪዥን ላይ ድራማ ነበር። እኔ ደግሞ ጅማ ማዕከሉ ውስጥ አንድ የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ላግባሽ እያሉ እንዴት እንዳስቸገሩኝ እያስመሰልኩ አወራሁ፤ ሁሉም ሳቁ። ሰለሞንም ሳቀ፣ ከዚያ ወጥቶ ብዙ ቆየ። እጁን ሊታጠብ መስሎኝ ነበር። ያ ቤት ሲፈርስ ደስ ያለኝ ለዚህ ነው። እናቴ ሞታ እኔ እዚያ ቤት ውስጥ ጠግቤ በልቼ፣ ሰው አሥቄ፣ ተኝቻለሁ።

ሊነጋጋ ሲል በሩ ተንኳኳ። የእድሩ ዳኛ፣ ከኋላቸው የሰፈሩ ሴቶች። ማንም ሞታለች ብሎ አልነገረኝም። ነጠላቸውን ለሐዘን አዘቅዝቀው መልበሳቸውን አይቼ ነው ያወቅኩት። መጮህ ስጀምር ደግሞ ከግራም ከቀኝም ይዘውኝ የሚሉት አንድ ነገር ብቻ፤ «የእናትሽ ቃል ነው፣ ፈተናዋን ሳትጨርስ እንዳትነግሯት ብላ ነው።» ድንኳኑ ለእኔ ተብሎ ሳይነሣ ቆይቷል። ሰዉ ዕንባውን ጨርሷል፣ ደክሞታል፣ እኔ ገና መጀመሬ ነው። ለብቻዬ አለቀስኩሽ። ያጠቡሽ፣ የገነዙሽ ሌሎች፤ ፊትሽን ያዩት ሌሎች። እኔ የደረሰኝ አፈር ነው።

መርዶ በወጉ ይነገራል፣ ሰው መንገድ ላይ ሰምቶ እንዳይወድቅ ነው፣ አውቃለሁ። ለአንድ ሌሊት ይሁን፣ ገባኝ። ለሦስት ወር? እማዬ፣ እኔ እኮ የምማረው ለሰው ስለ ራሱ ሕይወት አትወስኑለት የሚል ትምህርት ነው። አንቺ ስለ እኔ ወሰንሽ። እናትሽን ወይስ ወረቀቱን ብለሽ ብትጠይቂኝ መልሴን ታውቂው ነበር፤ ለዚህም ነው ያልጠየቅሽኝ። እንኳን ማስተርስ፣ የፈለገው ነገር ገደል ይግባ እል ነበር።

ገደልም ከተትኩት። አንድ መንፈቅ አቋርጬ ቤት ተቀመጥኩ። ማኅደሮችሽን አልጋ ሥር ወረወርኳቸው። ሰለሞን ጠዋት ማታ «የእማዬ ኑዛዜ ነው፣ በባዶ ሜዳ ነው እንዴ የሞተችው?» እያለ ነዘነዘኝ። እኔም ጆሮ ዳባ ልበስ። በኋላ ትምህርት ክፍሉ ወይ ተመለሺ ወይ ስምሽ ይሰረዛል፣ ሁለተኛ ማቋረጥ አይፈቀድም ሲል፣ ሰልችቶኝ ነው የተመለስኩት። ፍላጎት ኖሮኝ እንዳይመስልሽ።

የመጨረሻ ልምምዴን የመደቡኝ ለገሃር አካባቢ ያለ አንድ ትንሽ ድርጅት ነው። መዳኛ የሌለው ሕመም የያዛቸውን ሰዎች ቤታቸው እየሄደ ይጠይቃል፣ ያጽናናል። የምትመራኝ ሲስተር ሰላም ትባላለች፣ ነርስ ናት፣ ቁጣዋ ያንቺን ይመስላል። ከምንጠይቃቸው መካከል አንዲት ሴትዮ አሉ። ስማቸውን አልጽፍልሽም፣ ሙያው አይፈቅድም። እትዬ ልበላቸው። ከአንቺ በሁለት ዓመት ቢያንሱ ነው። አንዲት ልጅ አለቻቸው፣ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፣ የመውጫ ፈተናዋ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። እትዬ ትራሳቸውን ተደግፈው እጄን ያዙና «ልጄ፣ አደራሽን፣ ከደወለች ጠበል ሄዳለች በያት፤ ፈተናዋን ትጨርስ» አሉኝ።

ጠበል! ደሜ ፈላ። እሳት ለብሼ፣ እሳት ጎርሼ ተነሣሁ። ያን የተማርኩትን ሁሉ፣ ማዳመጡን፣ ቀስ ብሎ መጠየቁን፣ ውሃ በላው። «ምን መብት አለዎት? እርስዎ በሰላም ያርፋሉ፣ እሷ ግን ዕድሜ ልኳን ነው የምትጠላዎት!» ብዬ ጮህኩባቸው። አልጋ ላይ በወደቀች ሴት። እማዬ፣ እንደዚያ አልኩ። እትዬ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ጎረቤቶች በር ላይ መጡ። ሲስተር ሰላም ክንዴን ይዛ አወጣችኝና በሩ ላይ ነጠላዬን ጣለችልኝ።

ቤትሽ ተቀመጪ አለችኝ። ልምምዱ ላይ ከጣለችኝ ማስተርሱ አለቀለት። ሰለሞን ሲሰማ እርር ድብን አለ፤ «እማዬን ሁለተኛ ገደልሻት» አለኝ። እኔም ዝም አላልኩም፤ መጀመሪያ የገደላት ያንተ ፎቶ ነው አልኩት። ሳህን ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ አንድ ቤት ውስጥ እንደ ተከራይ ነው የምንኖረው። ግን አልጋ ላይ ስገለበጥ የሚመጣብኝ የሰለሞን ነገር አይደለም፣ ዲግሪውም አይደለም። የእኚያ ሴትዮ ጀርባ ነው። ከሲታ፣ በጋቢ የተሸፈነ። ያንቺም ጀርባ እንደዚያ ሆኖ ነበር ይሆን እላለሁ፤ አላየሁማ።

ሲስተር ሰላም ከዐሥር ቀን በኋላ ደወለች። ትናንት መሆኑ ነው። ይቅርታ ለመጠየቅ ትመጫለሽ ወይስ አትመጪም፣ ሌላውን በኋላ እናያለን አለችኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ሄድኩ። ከቂርቆስ ለገሃር ድረስ በእግሬ፣ የምለውን እያጠናሁ። ስደርስ ሁሉም ጠፋብኝ። አልጋቸው ጥግ ተንበርክኬ እግራቸውን ያዝኩ። ስለ አንቺ ነገርኳቸው። ስለ ፎቶው፣ ስለ ሽሮው፣ ስለ ሳቁ። አንዲትም አላስቀረሁ። በትምህርቱ ሕግ ይህ ክልክል ነው፣ የራስሽን ጣጣ በሽተኛ ላይ አትጭኚም። ሲስተር ሰላም ግን አላቆመችኝም።

 እትዬ ምን አሉኝ መሰለሽ? «ልጄ፣ ለፈተናው ብዬ መሰለሽ እንዴ? ፈተናው ሰበብ ነው። እሷ ስትደውል እኔ ጤነኛ ነኝ። ምን ወጥ ሠራሽ ስትለኝ፣ ያልሠራሁትን ወጥ ስነግራት፣ የምሞት አይመስለኝም። የነገርኳት ቀን ነው የምሞተው። እሱን ፈርቼ ነው።»

እማዬ፣ ዓመት ከሰባት ወር ሙሉ አንድ ቀን እንኳን ፈርታ ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም። ጨካኝ ነሽ ብያለሁ፣ ግትር ነሽ ብያለሁ፣ ለወረቀት ብለሽ ልጅሽን ሸጥሽ ብያለሁ። ሌላው ደግሞ ሰማዕት አድርጎሻል። ፈርተሽ እንደሆነስ? ያ ሁሉ «ምን በላሽ፣ በረደሽ ወይ» ስልኩ ላይ እስካለሁ ድረስ ሞቱ እንዳይመጣብሽ ቢሆንስ? እኔስ የትኛው ጠበል ብዬ ያልጠየቅኩት ያንቺኑ ፍርሃት ፈርቼ አይደል? የፈሩት ይደርሳል ይላሉ፤ በሁለታችንም ደረሰብን።

እትዬ ስልካቸውን ከትራሱ ሥር አውጥተው ሰጡኝ። ደውይልኝና አጠገቤ ተቀመጪ፣ እኔ ራሴ እነግራታለሁ አሉ። ደወልኩ። ድምፁን ከፍ አድርጌ አልጋው ላይ አስቀመጥኩት፤ ልጅቷ አነሣች። እትዬ መጀመሪያ ስለ ብርዱ ጠየቋት። ሲስተር ሰላምን አየኋት፣ ዝም በይ አለችኝ በዓይኗ። ከዚያ ተናገሩት። በአጭሩ፣ የሕመሙን ስም ጠርተው። ከወዲያ ማዶ ጩኸት። «ለምን? እስከ ዛሬ ለምን?» እያለች ጮኸች፣ ሰደበቻቸው ማለት ይቻላል፤ የእኔን ንዴት ከሌላ ሰው አፍ ሰማሁት። እትዬ እያለቀሱ እሺ፣ እሺ ይላሉ። በመጨረሻ ልጅቷ ድምፅዋ ሰልሎ «ምግብ ይበላልሻል?» አለቻቸው። ነገ በመጀመሪያው መኪና እመጣለሁ አለች። እትዬ ፈተናውስ ብለው ተቆጡ፣ እሷም መልሳ ተቆጣች፣ ተጨቃጨቁ። እናትና ልጅ እንደሚጨቃጨቁት። እኔ ከዚያ ወዲያ መቀመጥ አልቻልኩም፣ ወጥቼ በር ላይ ቆምኩ። ቀናሁ እማዬ። በዚያች ልጅ ቀናሁ፣ እስኪያመኝ ድረስ።

ሲስተር ሰላም ስትወጣ አላቀፈችኝም። በበሽተኛ ላይ የጮህኩት ሁሉ ሪፖርቱ ላይ እንደሚጻፍ ነገረችኝ፣ ሰኞ ግን ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሥራ እንድገባ አዘዘችኝ። እገባለሁ። ትምህርቱንም እጨርሰዋለሁ። ላንቺ ብዬ አይደለም፣ እንዳይመስልሽ፣ ለኑዛዜሽም አይደለም። ትናንት እዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ የተደረገችውን ነገር ደግሜ ማድረግ ስለምፈልግ ነው። ስመረቅ ሰለሞን ፎቶሽን ይዞ ከጎኔ ሊቆም ይፈልጋል። ያን የጥምቀቱን ፎቶ ካመጣ ግን በሰው ፊት አዋርደዋለሁ፣ ከአሁኑ ንገሪው።

ተዝካርሽ ላይም፣ ሙት ዓመትሽ ላይም ሰው ሁሉ አንድ ነገር ነው የሚለው፤ ጀግና ነበረች፣ ለልጇ ትምህርት ብላ ሕመሟን ዋጥ አድርጋ ሄደች ይላል። ይበል። እኔ ግን ጀግናዋን አላስታውስም፣ እሷን አላውቃትም። እኔ የማስታውሰው ከእኔ ጋር አውርታ ስልኩን ዘግታ ብቻዋን የቀረችውን ሴትዮ ነው፣ አጠገቧ መሆን ሲገባኝ ያላየኋትን። እሷን በየቀኑ አስታውሳታለሁ፣ ይህን ቃል እገባልሻለሁ። ንዴቴ ግን አልበረደም፣ ምናልባትም አይበርድም፤ አንቺና እሱ ውስጤ አብራችሁ ትኖራላችሁ። ፈራሁ ብትዪኝ ምን ነበረበት እማዬ? አይዞሽ እንድልሽ፣ እንዳድንሽም አይደለም። ያን ቀን በመጣው መኪና መጥቼ፣ አልጋሽ ላይ ወጥቼ፣ አብሬሽ እፈራ ነበር።

ልጅሽ ሜሮን